ከግራካሕሱ ቁልቁለት እስከ ሮማናት አደባባይ፦ የአሮጌ መኪና የፊት እግር ምርመራ

መንገድ በተዘረጋበት ሥፍራ ሁሉ ከተሽከርካሪው ጋር የጥገናው ሙያና የሙያው ቃላትም አብረው ይደርሳሉ። ፋሽስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላ አሥመራን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የመኪና መንገድ፣ በአዲግራትና በኵሓ አልፎ፣ አምባ አላጌን ተሻግሮ፣ ከኮረም በግራካሕሱ ገደል ወደ አላማጣ የሚወርድ ነበር። በዚህ በመጨረሻው ቁልቁለት ብቻ ተሽከርካሪው 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከኵሓ በስተ ምዕራብ በቅርብ ርቀት የምትገኘው መቀሌም የዚሁ መንገድ ተጠቃሚ ሆነች። መካኒኮች ዛሬም የሚገለገሉባቸው ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቦኮላና ክሪክ የተባሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው።

ኀይልን ለአራቱም ጎማ የሚያደርሱት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪኖች የተስፋፉት ከዚያ በኋላ ነው። ዊሊስ ጂፕ እ.ኤ.አ. በ1941፣ ላንድሮቨር በ1948፣ የቶዮታ ላንድክሩዘር የመጀመሪያው ዐይነት ደግሞ በ1951 ተሠሩ። የሦስቱም የፊት እግር በመሠረቱ አንድ ዐይነት ነበር፤ ይኸውም በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ አንድ ወጥ አክስል ሲሆን፣ ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረው በአክስሉ ጫፍ ከላይና ከታች በተተከሉ የማዞሪያ ፒኖች ነው። በዚህ አሠራር የጎማው የጎን ዝንባሌ በአክስሉ የተወሰነ በመሆኑ በብሎን አይስተካከልም። በመሪው ዘንግ ሊስተካከል የሚችለው በሁለቱ ጎማዎች የፊትና የኋላ ርቀት መካከል ያለው፣ በጥቂት ሚሊሜትር የሚቆጠረው ልዩነት ብቻ ነው።

ከዚህም የተነሣ አላይመንት የምርመራው መደምደሚያ ሊሆን ይገባዋል። በላላ መጋጠሚያ ላይ የተወሰደ ልክ መኪናው ከጋራዥ እንደ ወጣ ይፈርሳልና። በመጀመሪያ የጎማው አበላል ይታያል፤ የጥርሱ ጠርዝ በእጅ ሲዳሰስ በአንድ ወገን እንደ መጋዝ ከሻከረ የአቅጣጫ ስሕተትን፣ በየቦታው ከጎደጎደ ደግሞ የመጋጠሚያ መላላትን ወይም የባላንስ ጉድለትን ያመለክታል። ቀጥሎ እግሩ በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። መላላት ከተገኘ ረዳቱ ፍሬን ይረግጣል፤ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ግን የማዞሪያው ፒን ኩሽኔታ ነው። ጎማው ግራና ቀኙ ተይዞ ሲነቀነቅ የመሪው ዘንግ ጫፎች ይፈተናሉ። የባሌስትራው ቦኮላና ማሰሪያም ሳይታዩ አይታለፉም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት መንገዶች ተዘግተው ነዳጅና ሸቀጥ በእጅጉ ባጠሩበት ጊዜ፣ ያለ አግባብ የሚለወጥ አንድ ኩሽኔታ ቀላል ብክነት አልነበረም። ዘመናዊው የአላይመንት መሣሪያ ማዕዘንን በትክክል ይለካል፤ የላላውን ክፍል ለይቶ የሚያገኘው ግን አሁንም የባለሙያው እጅ ነው። ስለዚህ ለወጣት ሠልጣኞች ይህ ቅደም ተከተል ከመሣሪያው አስቀድሞ ሊሰጣቸው ይገባል። በመቀሌ መሐል፣ በሮማናት አደባባይ በዝግታ የሚዞር አሮጌ ላንድክሩዘር የፊት እግሩን ሕመም ሊሸሽግ ይችላል፤ ሰውና ጭነት ይዞ ግራካሕሱን ሲወርድ ግን የሚሸሽግበት ሥፍራ የለውም።