ማጊስተር እና ሚኒስተር፦ ማን ይበልጣል?

ባለፈው ሳምንት ስለ መንግሥት አወቃቀር እያስተማርኩ አንዱ ተማሪ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ሚኒስትር የሚለው ቃል ራሱ ምን ማለት ነው?" አለኝ። "ትልቅ ባለሥልጣን ነዋ" ብዬ አለፍኩት። ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ግን መልሴ የግልባጭ ነበር። ለሱም ለናንተም ይኸው።

ቃሉ የላቲን ነው። ሮማውያን "ሚኑስ" ሲሉ "ያነሰ" ማለታቸው ነው፤ ሒሳብ ላይ "ማይነስ" የምንለው ራሱ። ከዚያ "ሚኒስተር" መጣ፦ የበታች፣ ታዛዥ፣ ማዕድ ላይ ቆሞ ወይን የሚቀዳ አሽከር። ተቃራኒው "ማጊስ" ነው፣ "የበለጠ"። ከሱ ደግሞ "ማጊስተር" ወጣ፦ አለቃ፣ የመርከብ አዛዥ፣ እና... መምህር! (እዚህ ጋ ደረቴን ትንሽ ነፋ አድርጌያለሁ፣ አልዋሽም።)

ማጊስተር በየአገሩ ልጅ ወልዷል። የእንግሊዝ ማስተርና ሚስተር፣ የጀርመን ማይስተር፣ የጣሊያን ማኤስትሮ ሁሉም የሱ ናቸው። እኛ ማኤስትሮን ለሙዚቃ ሰው ብቻ አደረግነው እንጂ ጣሊያንና ስፔን ውስጥ ዛሬም የአንደኛ ደረጃ መምህር መጠሪያ ነው።

ሚኒስተርስ? መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ላቲን ሲተረጎም የግሪኩ "ዲያቆኖስ"፣ የኛው ዲያቆን፣ ብዙ ቦታ ላይ ሚኒስተር ተብሏል። ሁለቱም አገልጋይ ናቸው። በኋላ የነገሥታት ቤት አገልጋዮች በዙ። አንዳንዱ ዘፋኝ ነበርና በእንግሊዝኛ አዝማሪን "ሚንስትረል" የሚለው ቃል ከዚሁ ሥር ወጣ። አዝማሪና ሚኒስትር የአጎት ልጆች ናቸው ማለት ነው! ከንጉሡ አጠገብ የቆመው አሽከር ግን ቀስ በቀስ ከሩቁ መኳንንት በላይ ሆነ። እንግሊዝ ውስጥ በ1721 ሥልጣን የያዘው ሮበርት ዋልፖል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ይባላል፤ እሱ ግን ስሙን አይቀበለውም ነበር፣ ያኔ ስድብ ነበረቻ። ወደኛ ስንመጣ አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉ ያኔ አሽከርነቱን ጨርሶ ረስቷል።

"የበለጠው" መምህርስ? ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በፈረንጆቹ 301 የዋጋና የደመወዝ ጣሪያ አውጆ ነበር። ፊደል አስቆጣሪ ከአንድ ልጅ በወር 50 ዲናር። ጠበቃ አንድ ጉዳይ ለመከራከር 1000 ዲናር። ፀጉር አስተካካይ ለአንድ ሰው 2 ዲናር፤ ማለትም 25 ራስ ከላጨ የአንዱን ልጅ የወር ክፍያ አገኘ። ይሄንን ሳነብ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። እዚህ ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ትረዱኛላችሁ።

ሰኞ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ለልጁ መልሴን ማረም ነው።