ኮክሲዲዮሲስ፦ ጫጩቶችን ደም የሚያስቀምጠው በሽታ

በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከምባታ ዞን፣ እንደ ዳምቦያ ባሉ ወረዳዎች ዶሮ ማርባት ለጓሮው የቀረበ፣ ብዙ መሬት የማይጠይቅ የገቢ ምንጭ ነው። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የአንድ ቀን ጫጩት ተረክቦ እስከ 45 ቀን በማሳደግ ለአርሶ አደሩ የማከፋፈል ሥራ ይበልጥ ትኩረት አግኝቷል። ኮክሲዲዮሲስ ጫጩቶችን አብዝቶ የሚያጠቃው ግን ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜያቸው ነው። ይህም አሳዳጊው ለመኖና ለከሰል ገንዘቡን አውጥቶ የጨረሰበት፣ ሽያጩ ገና ያልጀመረበት ጊዜ ነው።

የበሽታው መንስኤ

በሽታውን የሚያመጡት ኤይሜሪያ የተባሉ፣ በዐይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ የአንጀት ጥገኞች ናቸው። ዶሮን የሚያጠቁ በርካታ ዝርያዎች ቢኖሩም፣ ኤይሜሪያ ቴኔላ የተባለው በዕውር አንጀት ውስጥ እየተራባ ግድግዳውን በማቁሰል ደም ያፈስሳል። የታመመች ጫጩት በኩሷ የምታስወጣቸው እንቁላል መሰል ቅንጣቶች ወዲያውኑ በሽታ አያስተላልፉም፤ ለዚህ የሚበቁት እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ሲያገኙ ነው። በሞቀና በረጠበ ጉዝጓዝ ውስጥ ግን አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃቸዋል። ሌላዋ ጫጩት ጉዝጓዙን ስትጭር ትለቅማቸዋለች፤ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜም ትታመማለች።

ከፈንግል በምን ይለያል?

በገጠሩ ዶሮን በጅምላ የሚፈጅ በሽታ ሁሉ «ፈንግል» መባሉ የተለመደ ነው። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ፣ በየትኛውም ዕድሜ ያለ ዶሮን የሚይዝ፣ አተነፋፈስን የሚያውክ፣ አረንጓዴ መሰል ተቅማጥና የአንገት መጠምዘዝ የሚያስከትል በሽታ ነው። የፈንግል ክትባት ኮክሲዲዮሲስን አይከላከልም። ስለዚህ የተከተቡ ጫጩቶች ሲሞቱ ክትባቱን ከመውቀስ በፊት ኩሳቸውን መመልከት ይገባል።

በኮክሲዲዮሲስ የተያዙ ጫጩቶች ክንፋቸውን ጥለው፣ ላባቸውን አቁመው፣ ተጠጋግተው ይቆማሉ። መኖ ይቀንሳሉ፣ ኩኩኒያቸው ይገረጣል፣ ኩሳቸውም ደም ይቀላቅላል። የሞተችው ስትከፈት ዕውር አንጀቶቿ አብጠው በደም ተሞልተው ይታያሉ። ደም ሳይታይ ዕድገትን ብቻ የሚገታ ዓይነትም ስላለ፣ እርግጠኛው ምርመራ በእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚደረገው ነው።

ሕክምናው

አምፕሮሊየም በመጠጥ ውኃ ተበጥብጦ የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ነው። የሚሠራው ጥገኛው ቫይታሚን ቢ1 እንዳያገኝ በማድረግ ስለሆነ፣ በሕክምናው ቀናት ይህን ቫይታሚን የያዘ ድብልቅ አብሮ መስጠት የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል። ኦክሲቴትራሳይክሊንን የመሰሉ ፀረ ባክቴሪያዎች ለዚህ በሽታ መፍትሔ አይሆኑም። የታመመች ጫጩት መኖ ብትተውም ውኃ መጠጣቷን አብዛኛውን ጊዜ ስለምትቀጥል፣ በሕክምናው ወቅት ሌላ ውኃ እንዳታገኝ ማድረግ ይገባል። መጠኑና የሚሰጥበት ቀን በባለሙያ ትእዛዝ ይወሰናል።

መከላከያው ደረቅ ጉዝጓዝ ነው

እንደ በረኪና ያሉ የተለመዱ ማጽጃዎች እነዚህን ቅንጣቶች አይገድሉም፤ የፈላ ውኃና ድርቀት ግን ይጎዷቸዋል። በደጋው ብርድ ሲፈራ ቤቱን ፈጽሞ መዝጋት እርጥበቱን ያምቀዋል፤ ስለዚህ ከጫጩቶቹ ቁመት በላይ አየር ማስወጫ መተው ያስፈልጋል። ከጉዝጓዙ አንድ እፍኝ ተጨብጦ ሲለቀቅ እንደ ጭቃ ከተጣበቀ መለወጥ አለበት። በውኃ መጠጫው ዙሪያ የረጠበው በየቀኑ ይወገድ፤ መጠጫውም በጫጩቶቹ ጀርባ ልክ ከፍ ይበል። ትልልቅ ዶሮዎች ሳይታመሙ ጥገኛውን ሊያስወጡ ስለሚችሉ ከጫጩቶች ተለይተው ይያዙ። አዲስ ጫጩት ከመግባቱ በፊት አሮጌው ጉዝጓዝ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ወለሉ በፈላ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ።

ሌሎች እንስሳት

ተመሳሳይ ጥገኞች ጥጆችን፣ ግልገሎችንና የአሳማ ግልገሎችንም ያጠቃሉ። የአሳማ ግልገሎችን የሚይዘው ሲስቶአይሶስፖራ ሱዊስ የተባለው ሲሆን፣ በተወለዱ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ደም የሌለው ቢጫማ ተቅማጥ ያስከትላል። ይሁንና የዶሮው ኤይሜሪያ ወደ ጥጃም ሆነ ወደ ሰው አይተላለፍም።

በበሽታው ቀለል ባለ ሁኔታ ተይዛ የዳነች ጫጩት ለያዛት ዝርያ የመቋቋም አቅም ታዳብራለች፤ ለሌላው ዝርያ ግን አዲስ ናት። ስለዚህ የ45 ቀን ቄብና አውራ ገዝቶ ወደ ጓሮ የሚያስገባ አርሶ አደርም ደረቅ ማደሪያ ማዘጋጀትና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኩሳቸውን መከታተል ይኖርበታል። ደም የታየ ዕለት በቅርብ ወዳለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መሄድ የቀሩትን ለማትረፍ ያስችላል።