ጭዱ ባለቤት አለው

የአያቴ ላም ቦራ የታረደችው በጥር ወር ነው። ለበዓል አልነበረም፤ ልትሞት ስለሆነ ነው። ሦስት ቀን ሆዷ ተነፍቶ ተኛች። ዘይት አጠጧት፣ ጎኗን አሹላት፣ እምቢ አለ። «ሳትሞት ትታረድ» ተባለ። ጨጓራዋ ሲከፈት የልጅ ጭንቅላት የሚያህል የፌስታል ድቡልቡል ወጣ። ጥቁር አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ የላስቲክ ገመድ ተጠላልፎበታል። ሥጋውን ጎረቤት ተከፋፈለው፤ አያቴ ግን አልቀመሰችም። «እኛው ነን እኮ ያበላናት» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያደግን ልጆች ፌስታልን እናውቀዋለን፤ ግን ፕላስቲክ ገጠራችን የገባው በፌስታል ብቻ አይደለም። «አንድ ማዳበሪያ ጤፍ» እንላለን አይደል? ጤፉ ውስጥ ማዳበሪያ የለም። ዩሪያና ዳፕ ይመጣበት የነበረው ነጭ ከረጢት ነው ስሙን ወርሶ የቀረው። ማዳበሪያው ማሳ ላይ አለቀ፣ ከረጢቱ ግን አላለቀም። እህል ተጫነበት፣ ዝናብ ተጠለሉበት፣ ሲቀደድ ክሩ ተመዝዞ ገመድ ሆነ። አያቴ ከዚያ በፊት የነበረውን ስልቻና አቁማዳ ታስታውሳለች። ቆዳ ስለሆነ ሲያረጅ ውሻ ይጨርሰዋል። ቅል ሲሰበር መሬት ይበላዋል። ያኔ የሚጣለው ሁሉ የሚበላው ነበረው።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። ቦራ ከታረደች በኋላ አፈር የሚበላው ፕላስቲክ ይኖር እንደሆነ ማንበብ ጀመርኩ። አለ። ያውም አዲስ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ሞሪስ ለምዋኝ የሚባል የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ባሲለስ ሜጋቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ ያጠና ነበር። (ዘመኑን በእኛ ለማስላት፦ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን የዞሩት እ.ኤ.አ. በ1924 ነው።) ለምዋኝ የገረመው ባክቴሪያው ያለበት ፈሳሽ ለምን እንደሚኮመጥጥ ነው። ሊጥ ስታቦካ ያደገች የእኛ አገር ሴት ብትሆን ምናልባት አይገርማትም ነበር። እሱ ግን የኮምጣጣውን ምንጭ ሲከተል በባክቴሪያው ሆድ ውስጥ የተከማቸ ጠጣር ነገር አገኘ። ዛሬ ስሙ ፖሊሃይድሮክሲቡቲሬት ነው፤ ባጭሩ ፒኤችቢ።

ነገሩን በገበሬ ቋንቋ ልንገራችሁ። ባክቴሪያ ስኳር ተትረፍርፎለት፣ ለመራባት የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ግን ሲያጥረው፣ ያገኘውን አይደፋም። ጎተራ ይሠራል። ትርፉን ስኳር ወደ ፒኤችቢ ቀይሮ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ መልሶ ይበላዋል። ሰው ጎተራውን ሰብሮ ያንን ክምችት ሲያወጣው፣ ሲሞቅ የሚቀልጥ፣ በቅርጽ ማውጫ የሚገባ ፕላስቲክ ነው። አፈር ውስጥ ሲወድቅ ደግሞ የባክቴሪያ ስንቅ መሆኑ አልቀረም፤ አፈር ውስጥ ያሉት አውቀውት ይበሉታል።

ታዲያ መቶ ዓመት ሙሉ የት ነበር? መልሱ ነዳጅ ነው። ከነዳጅ የሚሠራው ፕላስቲክ ርካሽ ሆኖ ሳለ ባክቴሪያ የሚቀልብ ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲሰቀል አይሲአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነገሩን አነሳው። ፒኤችቢ ብቻውን ቶሎ ስለሚሰበር ከሌላ ተመሳሳይ ውህድ ጋር አዋህዶ አለሰለሰው፣ ባዮፖል ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ1990 ጀርመን ውስጥ የሻምፖ ጠርሙስ ሆኖ ገበያ ወጣ። ነዳጅ ግን ረክሶ ነበር፤ ባዮፖል ደግሞ ከተራው ፕላስቲክ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። በኋላ ሞንሳንቶ ገዛው፣ እሱም ተወው። ከወጪው ትልቁ ድርሻ የባክቴሪያው ቀለብ ነው፤ ንጹሕ ስኳር ውድ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ ርካሽ ቀለብ አዞሩ፦ ገለባ፣ ልጣጭ፣ አገዳ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ እኛ አገር የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ጥናት ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ከተለያዩ ቦታዎች 50 የባክቴሪያ ዝርያዎችን ለዩ። ከሁሉ የበለጠው ከአርባ ምንጭ ፍሳሽ ውኃ የተገኘ ባሲለስ ሆነ። የሸንኮራ አገዳ ምጣጭ ሲቀልቡት ከክብደቱ 55.6 በመቶው ፒኤችቢ ሆነ። በበቆሎ ቆረቆንዳ 51.6፣ በሙዝ ልጣጭ 25። እና በጤፍ ጭድ 37.4 በመቶ።

የጤፍ ጭድ! እኛ ሰፈር ከአውድማ ማዶ የሚከመረው።

አንድ ነገር ላርም፣ እኔም መጀመሪያ ተሳስቼበት ነበርና። 37.4 በመቶ ማለት ከመቶ ኪሎ ጭድ 37 ኪሎ ፕላስቲክ ይወጣል ማለት አይደለም። የደረቀው ባክቴሪያ ራሱ ሲመዘን ከክብደቱ ይህን ያህሉ ፒኤችቢ ነው ማለት ነው። ጭዱ እንዳለ አይበላለትም፤ ቀድሞ መታከም፣ ጥንካሬው መሰበር፣ ውስጡ ያለው ስኳር መፈታት አለበት። ከዚያ ለ48 ሰዓት በ37 ዲግሪ ሙቀት ይቦካል። ጎጃም ደጋ ላይ 37 ዲግሪ የሚገኘው ምድጃ አጠገብ ብቻ ነው፤ ማሞቂያው ደግሞ ኃይል ይፈልጋል።

ደስ ብሎኝ ለአያቴ ነገርኳት። በጭድ ፌስታል ሊሠሩ ነው አልኳት።

«ጭዱን ወስደው?»

«አዎ። ተረፈ ምርት ስለሆነ…»

«ማነው ተረፈ ያለው? በሬው ግንቦት ላይ ምን ይበላል? ቤቱን በምን ልመርገው ነው?»

ዝም አልኩ። ያነበብኩት ሁሉ፣ የእኔም ማስታወሻ ጭምር፣ ጭዱን «ቆሻሻ» እያለ ነው የሚያልፈው። ጎጃም ውስጥ ግን የጤፍ ጭድ በጋውን ሙሉ የከብት ቀለብ ነው፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ነው፣ ከተማ ወርዶ የሚሸጥ ገንዘብ ነው። እበቱ ኩበት ነው። የጠላ አተላ እንኳ የሚጠብቀው በሬ አለው። ቆረቆንዳውም ቢሆን ይነድዳል። ምጣጩ ይሻላል እንዳልል፣ ከዓባይ ማዶ ያለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ምጣጩን እያነደደ ኃይል ያመነጭበታል።

የጎጃም ገበሬ ያለውን ነገር ሌላ ሰው መጥቶ ሲገምትለት ደስ አይለውም። በ1960 ዓ.ም. ይህ በትልቁ ታይቷል። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ማሳ ሊገምቱ ሲመጡ ሞጣና ብቸና፣ ዳሞትም ጭምር አመፁ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ተጠቀመ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ግዛቱን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ። ላቦራቶሪን ከግብር ሰብሳቢ ጋር ማመሳሰሌ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የምለው ሌላ ነው፦ ጭዱን በነፃ የሚገኝ አድርጎ የሚሰላ የፋብሪካ ዕቅድ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተሳስቷል። ዋጋ ሲወጣለት ደግሞ ጭዱ ይወደዳል፤ ያን ጊዜ ላም የሌላት የከተማ ሴት ሳትሆን፣ አንድ ላም ያላት የገጠር ሴት ናት መጀመሪያ የምትጎዳው።

ለእኔ መፈለግ ያለበት ከሰውም ከከብትም አፍ የማይነጠቅ ቀለብ ነው። የከተማ ጁስ ቤቶች በየቀኑ የሚደፉት ልጣጭ አለ። 25 በመቶ ቢሆንም ይሁን፣ የሚጣላው ሰው ጥቂት ነው። ባክቴሪያው ራሱ የተገኘው ከፍሳሽ አይደል?

ሕጉ በበኩሉ ቀድሞ ሄዷል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎች ላይ እገዳ ጥሎ ነበር፤ ቦራ ሆድ ውስጥ የተገኙት ግን ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ የተመረቱ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። አያቴ በሬዲዮ ሰምታዋለች። ከዚያ ወዲህ ገበያ የምትሄደው በድሮ ዘንቢሏ ነው፤ ጨውና ስኳሩ ግን አሁንም በፌስታል ታስሮ ነው የሚሰጣት፣ እሷም ቤት ስትገባ እያጠፈች ከፍራሽ ሥር ትደብቀዋለች፣ ጥጃዋ እንዳታገኘው።

ባለፈው ስሄድ ጠየቀችኝ። «ያ የጭዱ ፌስታልህ የት ደረሰ?»

«ገና ነው» አልኳት።

«ሲደርስ አምጣልኝ። መጀመሪያ ለጥጃዋ ሳይሆን ለአንተ ነው የማበላው።»