ማርሽ የሌለው መኪና፣ ማርሽ የሚጠይቅ እንጀራ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ከአያት ደወለልኝ። «አጎቴ፣ መንጃ ፈቃድ ልማር ነው። በማኑዋል ልመዝገብ ወይስ በአውቶማቲክ? ጓደኞቼ ‹ማኑዋል የድሮ ነው፣ ጊዜህን አታባክን› እያሉኝ ነው» አለ። ሠላሳ ዓመት ገደማ በእጅ ማርሽ የነዳሁ ሰው ነኝና መልሱ ከአፌ መቅደም ነበረበት። ግን ቃል አጣሁ። «ላስብበትና እደውልልሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነ እናንተም አንብቡት።

ልጁ የሚኖርበትን ሰፈር የሚያውቅ አይፈርድበትም። ጠዋት ከመገናኛ ተነስታችሁ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ አድርጋችሁ እስከ አያት ሂዱ፤ ወይም ማታ በቦሌ መንገድ ቁሙ። ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በአጠገባችሁ ሽው እያሉ ያልፋሉ። ቢዋይዲው፣ የቮልስዋገኑ አይዲ፣ የቶዮታው ቢዜድ፦ አንዳቸውም ፍሪሲዮን የላቸውም።

እኛ ግን ማርሽን ለመኪና ብቻ የተጠቀምንበት ሕዝብ አይደለንም። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ ኦሎምፒክ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ የሰጠነው ስም «ማርሽ ቀያሪው» ነው። በመጨረሻው ዙር ድንገት ሲፈተለክ ያየ ሁሉ ሹፌር ማርሽ ሲቀይር ታይቶት ነበር ማለት ነው። ያን ውድድር በሬዲዮ ከተከታተሉት ልጆች አንዱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ልክ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የኃይሌ ማራቶን ሞተር በአገር ውስጥ የተገጣጠመችውን የመጀመሪያዋን ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነች ሃዩንዳይ አይኦኒክ አስረከበ። በማርሽ ቀያሪው ተነሳስቶ ያደገው ልጅ ማርሽ የማይቀየርባት መኪና ይዞ መጣ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይገጣጠማል።

ወደ ኋላ እንመለስ። መኪና አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በረሃውንና ዳገቱን አቋርጦ መኪናውን ለንጉሠ ነገሥቱ አደረሰ። ያኔ መኪና ነጂ ማለት ጠጋኝም፣ ገፊም፣ መንገድ ጠራጊም ማለት ነበር። ሙያው ወደ ብዙኃኑ የወረደው ግን ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን መንገድ ቆረጠ፣ ጭነት መኪና አስገባ። ሲባረርም ጋራዡና ቃላቱ ቀሩ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፦ እነዚህን ዛሬም ጋራዥ ገብታችሁ የምትሰሟቸው ከዚያ የመጡ ናቸው።

ሙያውን ያስተማረው ትምህርት ቤት አይደለም፤ ረዳትነት ነው። ልጁ መጀመሪያ ውኃ ይቀዳል፣ ጎማ ይፈታል፣ ዕቃ ይጭናል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሹፌሩ ሜዳ ላይ «እስቲ ሞክር» ይለዋል። ፍሪሲዮኑን ከነዳጁ ጋር አስማምቶ መኪናውን ሳያንገጫግጭ ያስነሳ ቀን ከተሸካሚነት ወደ ባለሙያነት ተሻገረ። ያቺ የግራ እግር ርግጫ ለብዙ የገጠር ልጅ ትምህርትና ዘመድ የማይከፍቱትን በር ከፍታለች።

የሹፌር ጉልበት ምን ያህል እንደነበረ ማየት የሚፈልግ የካቲት 1966ን ያስታውስ። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን መምህራንም አድማ መቱ። በጥቂት ቀናት ውስጥ መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ለመቀነስ ተገደደ፤ ወሩ ሳያልቅም ካቢኔው ወደቀ። አብዮቱን ታክሲ ነጂ ብቻውን አላመጣውም። ነገር ግን ከተማዋን ማቆም የሚችል የባለሙያ መደብ እንደተፈጠረ ያን ሳምንት ሁሉም አየ።

ከዚያ ወዲህ ላዳው፣ ውይይቱ፣ ሚኒባሱ፣ ዲኤክስ ኮሮላው፣ ሁሉም በእጅ ማርሽ ነው የነዱን። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እናርም። ፍሪሲዮንን ከከተማችን ማስወጣት የጀመረው ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ቪትዝ ነው። ከጃፓን ሰው ተጠቅሞባቸው የመጡት ትንንሽ አውቶማቲኮች የቦሌን፣ የገርጂንና የሰሚትን የግል ነጂ ግራ እግር ሥራ ያስፈቱት ባትሪ ከመምጣቱ በፊት ነው። ጃፓን ራሷ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአውቶማቲክ ብቻ የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ ትሰጣለች።

ኤሌክትሪኩ የመጣው በመንግሥት ውሳኔ ታግዞ ነው። በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪና ከባዱ ግብር ተነሳ፤ የጉምሩኩ ቀረጥም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተበተነው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባው ዜሮ ሆነ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ እንደማይገባ አስታወቁ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ነዳጅ ገዝተን የምናመጣው ነው፤ መብራት ግን ከቤታችን ነው። ለነገሩ ምሥራቅ አዲስ አበባ ይህን ከመኪናው በፊት ቀምሶታል። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ መሥራት የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ማርሽ ለምን እንዳስፈለገ ካወቅን ለምን እንደሚቀር እናውቃለን። የነዳጅ ሞተር ጉልበት የሚሰጠው በተወሰነ ዙር ብቻ ነው። ከቆመበት ሲነሳ ደካማ ስለሆነ ካምቢዮ ያግዘዋል። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያለፈች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያጣል። ዳገት ላይ ቶሎ ወደ አንደኛ ማርሽ የምንወርደው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ሙሉ ጉልበቱንም ከዜሮ ጀምሮ ይሰጣል። ስለዚህ ማርሽ አያስፈልገውም። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ለከተማችን ዳገት የተሻለ መፍትሔ ነው።

እንግዲህ ማኑዋል አበቃለት ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው ቦሌ ላይ ቆመን አገሩን የምንሳሳተው።

ከአያት ጥቂት ወጣ ብላችሁ በለገጣፎ በኩል የሚገባውን ጭነት ተመልከቱ። አሸዋ የጫነው ሲኖትራክ፣ ጤፍ የጫነው አይሱዙ፣ ሰው የጫነው ሚኒባስ በአብዛኛው የእጅ ማርሽ ነው። ከአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፍበትን የጅቡቲ መስመር የተሸከመው ይኸው ፍሪሲዮን ነው። ማርሽ እየጠፋ ያለው የራሱን መኪና ከሚነዳው ሰው ዘንድ ነው። የሰው መኪና ነድቶ እንጀራ ከሚበላው ዘንድ ገና አልጠፋም። ባለቤቱ ማርሹን ረሳ፤ ተቀጣሪው ግን ሥራ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱን ነው።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ጥያቄ ስለ ሞተር ሳይሆን ስለ ኑሮ ነው። የእናቱን መኪና ከሲኤምሲ ቦሌ ለማመላለስ ከሆነ አውቶማቲኩ ይበቃዋል፤ ማኑዋል ባለመቻሉም ማንም አይስቅበት። «ማርሽ የማይቀይር ሹፌር አይደለም» የምንል የእኔ ዘመን ሰዎች፣ ከእኛ የቀደሙት ደግሞ ሞተር በእጅ አዙረን ባለማስነሳታችን ይስቁብን እንደነበር እንርሳ? እያንዳንዱ ዘመን የቀረበትን ሙያ የወንድነት መለኪያ ያደርገዋል። ልጁ ግን ሥራ የለውም። ነገ አንዱ «ሚኒባስ አለኝ፣ ና ንዳ» ቢለው «አልችልም» እንዲል አልፈልግም። ጥቂት ሳምንት የሚጨርሰው ትምህርት አሥር ዓመት ያኖረዋል።

ከእጅ ማርሽ ጋር አብሮ እንዳይጠፋ የምሰጋው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ማሽኑን የማድመጥ ልማድ። ዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲያቋርጥ ልምድ ያለው ሹፌር ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ፍሬን ከጋለ እንደሚከዳ ያውቃል። ኤሌክትሪኩም ቁልቁለት ላይ ባትሪውን እየሞላ ራሱን ይይዛል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የሚያስቀምጥበት ስለሌለ ያ መያዣ ይዳከማል፤ ሸክሙም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ተራራ ጫፍ ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ቁልቁል የሚወርድ አዲስ ነጂ ይህን ማን ነገረው? ድምፅ አልባ መኪና እግረኛን እንዴት እንደሚያስደነግጥ፣ ሲረግጡት እንዴት እንደሚወነጨፍ፣ ሲበላሽ የትኛው ሽቦ እንደማይነካስ?

የድሮው ረዳት ይህን የመሰለ ዕውቀት በዓመታት ይሰበስብ ነበር። አዲሱ መኪና ረዳት የለውም። ክፍተቱን መሙላት ያለባቸው ማሠልጠኛዎች ናቸው። ለሚሠራበት ሁለቱንም ያስተምሩ፤ ለሁሉም ደግሞ ስለ ባትሪው ይንገሩ። የጋራዥ ልጆችም ካንዴላ ማጽዳት ብቻ ይዘው እንዳይቀሩ የሚያስብላቸው ይፈልጋሉ። ለመኪናው ግብር እስኪነሳለት ድረስ ከታሰበ፣ ለሚነዳውና ለሚጠግነውም ይታሰብ።

ትናንት ማታ ለልጁ ደወልኩለት። «በማኑዋል ተመዝገብ» አልኩት። «ከተቻልክ በኋላ አውቶማቲኩ አይከብድህም፤ አውቶማቲክ ብቻ ካወቅህ ግን ማኑዋሉ ያስፈራሃል። ስትጨርስ ደግሞ በእናትህ መኪና አንድ ቀን ቁልቁለት እንወርዳለን፤ እኔም እማራለሁ።»

ትንሽ ዝም አለና «አጎቴ፣ አንተ ኤሌክትሪክ ነድተህ አታውቅም እንዴ?» አለኝ።

አላውቅም። እናንተስ ልጆቻችሁን በየትኛው አስመዘገባችኋቸው?