የእምቦጭ ነቀላ በጣና ዳርቻ

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ የመጣ፣ በውኃ ላይ እየተንሳፈፈ የሚያድግ ወራሪ አረም ሲሆን፣ ወራሪ የሚባለውም ከተፈጥሮ ጠላቶቹ ርቆ በገባበት አገር የነባሮቹን ዕፅዋትና እንስሳት ቦታ ስለሚቀማ ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ሲሆን፣ በጣና መታየቱ በይፋ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በሰሜኑ ዳርቻ ነው። በመካከሉ ያለፉት ዐርባ ስድስት ዓመታት አረሙ የማይታወቅባቸው ሳይሆኑ፣ የቆቃ ችግር የቆቃ ብቻ ተደርጎ የታየባቸው ይመስላሉ።

አረሙን ለመንቀል ቀድሞ ውኃ የገባው የደምቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ገበሬ ነው። ይህ ገበሬ «ባሕር ሸሽ» የሚባለውን፣ ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚገለጠውን እርጥብ መሬት እያረሰና ከብቱን በዳርቻው ሣር እያሰማራ የሚኖር በመሆኑ፣ እምቦጩ እርሻውን፣ ግጦሹን፣ የአሣ ማጥመጃውንና የታንኳ መንገዱን በአንድነት ዘጋበት። ስለዚህ ወንዱም ሴቱም አልቅትና ቢልሃርዝያ ሳይፈሩ፣ ወይም እየፈሩም፣ ውኃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ነቀሉ፤ የአረሙ ክብደት አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ደግሞ ከነቀላው ይልቅ ወደ ዳር ማውጣቱ ጉልበት ይጨርስ ነበር።

አገሩ ሁሉ የሚያስታውሰው ግን በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የሆነውን ነው፤ ያን ጊዜ ከ200 በላይ የኦሮሚያ ወጣቶች «ጣና ኬኛ»፣ ማለትም «ጣና የእኛ ነው»፣ በሚል መፈክር ተጉዘው ከአካባቢው ሕዝብ ጋር አረም ነቀሉ። የነቀሉት መጠን ከሐይቁ ስፋት አንጻር ጥቂት ቢሆንም፣ የጉዞው ትርጉም ከእምቦጩ ይልቅ በሁለቱ ሕዝቦች መቀራረብ ላይ እንደነበረ መናገር ድካማቸውን ማሳነስ አይሆንም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ብዙ ሕዝብ ወጣ፤ ወሩ ሳይሞላ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ።

ዘመቻ የአረሙን ጠባይ ሊቀድም አልቻለም። እምቦጭ በሚዘረጋቸው ቅርንጫፎች አማካይነት ብዛቱን በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ከየእርሻው በጎርፍ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ይመግበዋል፤ በዳር የተከመረውም ሳይቃጠል ወይም ሳይበሰብስ ክረምት ከደረሰበት ሐይቁ ሞልቶ መልሶ ይወስደዋል። ዘሩም በደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ገደማ ሊቆይ ስለሚችል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በመገጭ አፍ የረገፈ ዘር እስከ 2031 ድረስ የመብቀል ዕድል አለው።