የቤተሰብ ምጣኔ ትርጕምና በአገራችን የሄደበት መንገድ



«ምጣኔ» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ሰው ልጅ መከልከል ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ባለሞያ ሴት ለወጡ በርበሬውን ስትመጥን ነፈገች አትባልም። የቤተሰብ ምጣኔም ባልና ሚስት መቼና ስንት ልጅ እንደሚወልዱ ተመካክረው መወሰናቸው ነው።

ነገሩ ለአባቶቻችን ፍጹም እንግዳ አልነበረም። እናት ልጇን ረዥም ጊዜ ስታጠባ ሌላው ፅንስ ይዘገይላት ነበር። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውም አነጋገር ልጅ በእረኝነትና በእርሻ ከሚያግዝበት፣ ከተወለዱትም ብዙዎቹ ሳያድጉ ከሚቀሩበት ኑሮ ጋር የሚስማማ ነው። የቤት ኪራይና የትምህርት ወጪ ከወር ደመወዝ ለሚከፈልበት ቤት ግን ዕድል ብቻውን እንደማይበቃ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን። በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። የኢትዮጵያ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 የተቋቋመው ይኸው ሕግ ጸንቶ ሳለ ነው። ስሙንም ልብ ይሏል፤ «ምጣኔ» ሳይሆን «መምሪያ» ይላል። መድኃኒቱ እያለ ስለ መድኃኒቱ በይፋ ማውራት አይቻልም ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ከመድኃኒቱ እጥረት ይልቅ ብዙ ዓመት ያባከነብን ይህ ዝምታ ነው።

በ1993 የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ክልከላው እንዲነሣ ጠየቀ፤ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልዳቸውንም ልጆች ከ7.7 ወደ 4 ገደማ ለማውረድ ዐቀደ። ፖሊሲ ግን በወረቀት ብቻ ገጠር አይደርስም። በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መከላከያ የሚጠቀሙት ባለትዳር ሴቶች ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ።

ነገሩን የለወጠው በይበልጥ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ነው። 10ኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ልጃገረዶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ፤ ቤት ለቤትም እየዞሩ አስተማሩ። ለወንድ ሐኪም ለመናገር የምታፍር እናት ለጎረቤቷ ልጅ ነገሯን ትገልጣለች። ከ2009 ጀምሮ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን፣ ለሦስት ዓመት የሚያገለግለውን መከላከያ ራሳቸው መስጠት ጀመሩ። በ2016 ተጠቃሚዎቹ ከመቶ 36 ደረሱ።

በዚያው ዓመት ጥናት ግን ከመቶ 22 ባለትዳር ሴቶች መውለድን ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ አይጠቀሙም ነበር። የአንዲት ሴት አማካይ የልጆች ቍጥርም በአዲስ አበባ 1.8፣ በሶማሌ ክልል 7.2 ነበር።