በሩ ሲዘጋ ጌታ የት ተገኘ?

የንባብ ክፍል፦ ማቴዎስ 18፥20፤ ሉቃስ 24፥13-35



ከጭሮ ተነሥቶ በገለምሶ በኩል መቻራ የገባ እንግዳ ቡና ሳይጠጣ አይሸኝም። አገሩ ቡና አብቃይ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ከሰው ጋር መቀመጥ ራሱ ቁም ነገር ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤቱን ጠርቶ ያወጋል፣ ይመርቃል፣ ይመረቃል።

በእነዚህ ከተሞች በወንጌል ያመንን ቁጥራችን ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብናል። ትልቅ አዳራሽ፣ ብዙ ዘማሪ፣ ስመ ጥር ሰባኪ በሌለበት የእግዚአብሔር ሀልዎት እንዴት ይገኛል? ከሦስትና ከአራት ወዳጆቻችን ጋር ያሳለፍነው ከሰዓት በኋላ በመንፈሳዊ ሕይወታችን ይቆጠራል ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው? የአገራችን አማኞች ታሪክ ለዚህ መልስ አለው።

አርባ ስምንት ሰዎች

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም.፣ የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን መልእክተኞች ወላይታን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ገና በእምነት ልጆች ናቸው፤ በእጃቸው ያለው የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍልም ጥቂት ነው። ግርፋትና እስራት መጣ። እነርሱ ግን አልተበተኑም፤ እየተጠያየቁ፣ በየቤቱ አብረው እየጸለዩ ቆዩ። ለታሰሩት ወንድሞች የሚያመጡት ስንቅ ለሌሎች እስረኞች ይተርፍ ነበር። ይህን ፍቅር ያዩ ሰዎችም የእነርሱን አምላክ ለማወቅ ፈለጉ። ጦርነቱ አልፎ መልእክተኞቹ ሲመለሱ 10,000 ያህል አማኞች ተቀበሏቸው።

በሐረርጌ ምድር

ወደ እኛ አካባቢ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1945 ለእርዳታ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሜኖናውያን ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ከፈቱ። ብዙም ሳይቆይ ሥራቸው ወደ ሐረርጌ ዘለቀ፤ በደደርና በበደኖ ሰው ታከመ፣ ልጆችም ተማሩ። የመጀመሪያዎቹ 10 አማኞች በ1943 ዓ.ም. ተጠመቁ። ከዚህ አገልግሎት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አደገች።

ቆየት ብሎ በናዝሬት የተማሪዎች ኅብረት ተነሣ፤ «ሰማይ ብርሃን» ተባለ። አባላቱ ወጣት ጓደኛሞች ነበሩ፤ ቃሉን ለማጥናትና ለመጸለይ ይሰባሰቡ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በኋላ የተጠቀመችበት የወዳጅነት ጸሎት እዚህ ተለመደ።

ጥር 1974

በጥር ወር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስን አብያተ ክርስቲያናት ዘጋ። ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ታስረው ከአራት ዓመት በላይ ወኅኒ ቆዩ። በዚያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ።

ምእመናኑ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አምስት ወይም ሰባት ሆነው በአንድ ወዳጅ ቤት ይገናኙ ጀመር። አንድ ላይ አይገቡም፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይመጣል። መዝሙሩ በለሆሳስ ነው። ለጎረቤት ዓይን የቡና ጥሪ ወይም የልደት ግብዣ ይመስላል። ቁጥሩ ሲበዛ ለሁለት ይከፈላል። እናቶችና እኅቶች ብዙ ሸክም ተሸከሙ፤ ቤቱም ማዕዱም የእነርሱ ነበርና።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በዚያ ዘመን ሰውን ወደ ቤት ማስገባት ራስን አሳልፎ እንደ መስጠት ነበር። ከአምስቱ አንዱ ቢናገር አራቱ ይታሰራሉ። ስለዚህ ወዳጅነቱ እውነተኛ መሆን ነበረበት። በትልቅ ጉባኤ መሐል ተደብቆ መቀመጥ ይቻላል፤ በአምስት ሰው መካከል ግን ያልመጣው ይታወቃል፣ ያዘነው ይጠየቃል፣ የተራበውም ይበላል። ሁሉም ይጸልያል፤ ሁሉም ይጸለይለታል። በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት አባላቱ ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

ጌታ በመንገድና በማዕድ

ይህ ለመጽሐፍ ቅዱስ አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ኤማሁስ የሚሄዱት ሁለቱ ሰዎች ለአምልኮ ፕሮግራም አልወጡም፤ ያዘኑ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሐዘናቸውን እየተጫወቱ ይሄዱ ነበር። ጌታ በዚያ ጨዋታ መሐል ገባ። ዓይናቸው የተከፈተው ግን እንግዳውን እንዲያድር ለምነው፣ እንጀራ በተቆረሰበት ማዕድ ላይ ነው። «ባልንጀራ» የሚለውን ቃላችንን «ባለ እንጀራ» ከሚለው ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ከዚህ ታሪክ ጋር እንዴት ይስማማል!

በእርግጥ ወዳጆች የተሰበሰቡበት ሁሉ ጌታን ያገኛል ማለት አይደለም። በቡናው ዙሪያ ሐሜትም ይቀመጣል፤ ያልመጣውን መቦጨቅም አለ። የኤማሁስ መንገደኞች እንግዳውን ወደ ጨዋታቸው አስገቡት፤ ሲገሥጻቸውም ሰሙት። ጌታ የገባበት ወዳጅነት እውነት የሚነገርበትና የሚሰማበት ነው።

በመቻራ ዙሪያ በኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ውስጥ ጠብታ በጠብታ ያደጉ ዓምዶች አሉ። ተመራማሪዎች የሺህ ዓመታትን የዝናብ ታሪክ አንብበውባቸዋል። አንዷ ጠብታ ስትወድቅ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ከወዳጆች ጋር የሚጠፋ የሚመስለን ጊዜም እንደዚያ ነው። በደርግ ዘመን የቆመችው ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን አልተሠራችም፤ ቀድሞ በየቤቱ የተንጠባጠበ ፍቅር ነበራት።

ዛሬ በራችን ክፍት ነው፤ የሚያሳድደንም ወታደር የለም። ይሁን እንጂ ስልካችንን ይዘን ጎን ለጎን ተቀምጠን የማንተያይበት ጊዜ በዝቷል። የሚቀጥለውን ትልቅ ኮንፈረንስ ስንጠብቅ አጠገባችን ያለው ወንድም ብቻውን ያለቅሳል። በዚህ ሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ወዳጆችን እንጥራ። «እንዴት ነህ?» ብለን መልሱን ሳንቸኩል እንስማ። ከመለያየታችን በፊትም በስም እየተጠራራን እንጸልይ። እምነታችንን የማይጋራው ጎረቤትም ማዕዳችንን ይቅረብ፤ በኤማሁስም ጌታ የመጣው እንደ እንግዳ ነበርና።

ጌታ ሆይ፣ በተዘጋ በር ውስጥ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን ጋር እንደ ነበርህ፣ በጥቂቶቻችን መካከልም ተገኝ። ማዕዳችንን ባርክ፤ ወዳጅነታችንንም እውነተኛ አድርግልን። አሜን።